የጥርስ ማከሚያ ቤትና የተቆጣጣሪው ተግባር

አምቦ ከጥንት ጀምሮ በውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። ፍል ውኃዋ የደከመ ሰውነት ያበረታል፣ ቁርጥማትም ያስታግሳል እየተባለ ከቅርብም ከሩቅም ሰው ሲመላለስባት ኖሯል። ከምድር እየፈለቀ የሚወጣው ማዕድናዊ ውኃዋም በጠርሙስ እየታሸገ ስሟን በመላ አገሪቱ አሰምቷል። ቀድሞም «ሀገረ ሕይወት» የሚል ስም ነበራት። እንግዲህ ውኃ ሕይወት መሆኑን የአምቦ ሰው ከማንም አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ነገር ግን ውኃ የማይችለው ሥራ መኖሩን ማወቅም የዚያኑ ያህል ይጠቅማል። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይኸውም የአንዱን ሰው ጥርስ የነቀለ ጉጠት ወደ ሌላው ሰው አፍ ከመግባቱ በፊት ምን እንደተደረገለትና ይህንንም ማን እንደሚመረምር ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን እያገናኘ ያልፋል። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ያለው ገበሬ ጥርሱን ሲያመው ብዙ ጊዜ ቶሎ ወደ ሐኪም አይሄድም። ሕመሙን በቅርንፉድና በትዕግሥት ሲያባብል ይሰነብትና እንቅልፍ ከነሣው፣ ጉንጩም ካበጠ በኋላ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይወጣል። «ጥርስ ማከሚያ» የሚል ሰሌዳ ያያል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ይቀበለዋል፤ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አፉን ይከፍታል። ከዚህ በኋላ ይህ ሰው ምንም ሊጠይቅ አይችልም። ጉጠቱ በምን እንደጸዳ፣ መርፌው አዲስ መሆን አለመሆኑን፣ የሚያክመውም ሰው በሙያው ተመርቆ እንደሆነ አያውቅም። ብናውቅለት እንኳ በሕመም የተያዘና አፉን የከፈተ ሰው መናገሪያ የለውም።

ስለዚህ የጤና ተቆጣጣሪ ማለት በሌላ ትርጓሜ አፉን ከፍቶ መናገር ላልቻለው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቅለት ሰው ነው። ይህን ሥራ ወደፊት የሚይዙት ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉትና ገና በቅርብ ጊዜ ወደ መንግሥት ሥራ የገቡት ወጣቶች ስለሆኑ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ከአፍ ወደ አፍ የሚሻገረው

አፍ ደም የሚበዛበት የሰውነት ክፍል ነው። ጥርስ ሲነቀል ይቅርና ድድ ሲጸዳ እንኳ ደም ይፈሳል። በዚህም ምክንያት ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ በደም የሚተላለፉ በሽታዎች በጥርስ ማከሚያ ቤት በር ይገኛሉ። ከነዚህም ዋናዎቹ ኤች አይ ቪ፣ እንዲሁም «ሄፓታይቲስ ቢ» እና «ሄፓታይቲስ ሲ» የሚባሉት የጉበት በሽታዎች ናቸው። ጉበት ሲታመም ዓይን ቢጫ ይሆናልና ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» እያለ ምክንያቱን ለሌሊት ወፍ ሲሰጥ ኖሯል። እውነተኛው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። የሄፓታይቲስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ሆኖ በጠረጴዛ ወይም በመሣሪያ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በአገራችን የዚህ በሽታ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው ሰው አብዛኛው ሳይከተብ ያደገ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ይህ የድሃ አገር ችግር ነው፤ በሠለጠነው ዓለም የለም» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013) በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት ቱልሳ በምትባል ከተማ አንድ የጥርስ ሐኪም ያከማቸው ወደ 7,000 የሚሆኑ ሰዎች ደማቸውን እንዲያስመረምሩ የጤና ባለሥልጣኖች ጥሪ አደረጉ። ነገሩ የተነሣው አንድ ሕመምተኛ ሄፓታይቲስ ሲ ስለተገኘበት ነበር። መርማሪዎች ሲሄዱ ቤቱ ላይ ላዩን ንጹሕ ይመስል ነበር። ወደ ጓዳው ሲገቡ ግን የዛጉ መሣሪያዎች አገኙ፤ ዕቃ የሚቀቀልበትም የእንፋሎት መሣሪያ በትክክል መሥራቱ ለ6 ዓመት ያህል ሳይፈተን መቆየቱ ተገለጸ። በኋላም በተደረገው የላቦራቶሪ ምርመራ በሽታው በዚያ ቤት ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው መተላለፉ ተረጋገጠ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሀብትና መልካም ሕንፃ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መርማሪው የሄደው ሰው ከታመመ በኋላ መሆኑ ነው። የኛ ሰው «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ውኃ በአምቦ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

በትምህርት ቤት ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠረፍ ነው። ወደ ደጋ በወጣን መጠን የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ውኃ በዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ 1,650 ሜትር ዝቅ በምትለው በባኮም ቢሆን ከ94 ዲግሪ ተኩል ገደማ አያልፍም። ቴርሞሜትር ያገኘ ተማሪ ይህን በቤተ ሙከራው ሊፈትነው ይችላል። ከፈላ በኋላ ምንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ውኃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አይበልጥም።

እንግዲህ ጉጠቱን በድስት ቀቅሎ «ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል። የፈላ ውኃ ብዙ ተሕዋስያንን መግደሉ የማይካድ ነው። ነገር ግን እንደ መንጋጋ ቆልፍ ያለውን በሽታ የሚያመጡት ዓይነቶች ራሳቸውን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍነው ስለሚቆዩ በመቀቀል ብቻ አይጠፉም። እነዚህን የሚያጠፋው በግፊት የታመቀ እንፋሎት ነው። ለዚህም «ኦቶክሌቭ» የሚባል መሣሪያ አለ። አሠራሩ ከወጥ ቤት የግፊት ድስት ጋር ይመሳሰላል። እንፋሎቱ እንዳይወጣ ታፍኖ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ሲደርስ ላልተጠቀለለ ዕቃ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ለተጠቀለለው ደግሞ እስከ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት።

በዚህ ላይ ደግሞ ለደጋ አገር ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለ። በአሮጌው ዓይነት ኦቶክሌቭ ላይ ያለው የግፊት ሰዓት 15 ፓውንድ ሲያመለክት ሙቀቱ 121 ዲግሪ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህም ስሌት የባሕር ጠረፍ ስሌት ነው። ሰዓቱ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነውና፣ የውጭው አየር በሳሳበት በአምቦ ሰዓቱ 15 ሲል ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግማሽ ፓውንድ ያህል እየጨመሩ በአምቦ ወደ 18 ፓውንድ ተኩል ማድረስ ያስፈልጋል። እርግጥ ይህ መሣሪያው የሚችለውን ግፊት አምራቹ ከወሰነው ሳያልፉ ነው። በራሱ ሙቀት የሚለካው አዲሱ መሣሪያ ይህን ያስተካክላል። አሮጌውን የያዘ ሰው ግን ካልተነገረው በቅን ልቦና እየሠራ ሰውን ለአደጋ ያጋልጣል። አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ይህን አንድ ነገር ለባለሙያው አስረድቶ ቢመለስ የዕለት እንጀራውን በሚገባ አገኘ ይባላል።

ተቆጣጣሪው ምን ይጠይቅ?

አንዳንድ ተቆጣጣሪ ወደ ማከሚያ ቤት ሲገባ ግድግዳው መቀባቱን፣ ክፍሉ ስፋት እንዳለው፣ ወንበሩም አዲስ መሆኑን አይቶ ቅጹን ሞልቶ ይሄዳል። እነዚህ ነገሮች አይናቁም። ነገር ግን ሕመምተኛን የሚያሳምመው የግድግዳ ቀለም አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ከአደጋው መጠን ጋር መመዛዘን ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ፈቃድ ነው፤ ይኸውም የቤቱ የብቃት ማረጋገጫና የባለሙያው የሙያ ፈቃድ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምስክር ወረቀት ያለበት ስም ጉጠቱን በያዘው ሰው ስም መሆኑ መታየት አለበት። ፈቃዱ የሐኪም ሆኖ ሥራውን ረዳቱ የሚሠራ ከሆነ ሰሌዳው ሌላ እጁ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ የዕቃው መንገድ ይመረመራል። ጉጠቱ ከአፍ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ እንደገና ወደ አፍ እስከሚገባ ድረስ በየት በየት እንደሚያልፍ ባለሙያው ራሱ እየሠራ እንዲያሳይ መጠየቅ መልካም ዘዴ ነው። መጀመሪያ በብሩሽና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ የደረቀ ደም ተሕዋስያንን እንደ ጋሻ ይከላከልላቸዋልና። ከዚያ ይጠቀለላል፤ ወደ ኦቶክሌቭ ይገባል፤ ደርቆ ይወጣል፤ ሕመምተኛው እያየ ይፈታል። በጥቅሉ ላይ በሙቀት መልኩን የሚለውጥ መስመር ያለው ልዩ ፕላስተር ይለጠፋል። ከዚህም የበለጠ ማስረጃ የማይጎዳ ነገር ግን ለሙቀት እጅግ ብርቱ የሆነ ተሕዋስ ያለበትን ጠርሙስ አብሮ አስገብቶ መሞት አለመሞቱን ማየት ነው። በቱልሳ የቀረው ይህ ነበር። በመዝገብ ላይ ቀንና ውጤት ካልተጻፈ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ሦስተኛው መርፌና ማደንዘዣ ነው። ከአንዱ ሕመምተኛ የተረፈ ማደንዘዣ ለሌላው መስጠት በመርፌው አዲስነት የሚሰረይ ጥፋት አይደለም፤ ደም ወደ መድኃኒቱ ተመልሶ ሊገባ ይችላልና። ያገለገለው መርፌ የሚጣልበት ሣጥን መኖሩ፣ ሣጥኑም ሲሞላ የት እንደሚቃጠል መታየት አለበት። ከከተማ ቆሻሻ ጋር ቢደባለቅ የሚወጋው ሕመምተኛ ሳይሆን ቆሻሻ አንሺውና መንገድ ላይ የሚጫወተው ሕፃን ነው።

አራተኛው መቦርቦሪያውና የሚረጨው ውኃ ነው። ጥርስ የሚቦረቡረው የእጅ መሣሪያ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ በሙቀት መጽዳት አለበት፤ በአልኮል መጥረግ አይበቃውም። በውስጡ የሚያልፈው ውኃም በቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲያድር ተሕዋስያን ያፈራል። በ2003 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011) በኢጣሊያ አገር አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት በሳንባ በሽታ ሞቱ። ከቤታቸው የወጡት ወደ ጥርስ ሐኪም ለመሄድ ብቻ ስለነበር ነገሩ ሲመረመር «ሌጅዮኔላ» የሚባለው ባክቴሪያ በጥርስ መቦርቦሪያው የውኃ መስመር ውስጥ ተገኘ። ውኃ ተቋርጦ ሲመጣ፣ ወይም ከቅዳሜና እሑድ በኋላ ሰኞ ጧት ሥራ ሲጀመር መስመሩን አስቀድሞ ማፍሰስ ቀላል ነገር ሆኖ ብዙ ያድናል።

አምስተኛው የሕክምናው ጥራት ነው። ይህም በሕመምተኛ መዝገብ ይታወቃል። በመዝገቡ ውስጥ ያለው ሁሉ «ተነቀለ፣ ተነቀለ» ብቻ ከሆነ፣ ሊሞላና ሊድን ይችል የነበረ ጥርስ ሳይቀር እየጠፋ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ሕመምተኛው ከመነቀሉ በፊት የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የመድኃኒት አለመስማማት እንዳለበት፣ ሴትም ከሆነች ነፍሰ ጡር መሆኗ ተጠይቆ ተጽፏልን? ሰው በማደንዘዣ ቢወድቅ ኦክሲጅንና አድሬናሊን በቅርብ አለን? ያበጠ ጉንጭ ወደ አንገት ወርዶ የመተንፈሻ ጉሮሮን ሊዘጋ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል የመላክ ሥርዓት አለን? ራጅ ያለው ቤትም የጨረራ ፈቃዱንና የእርሳስ ሽርጡን እንዲያሳይ ይጠየቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

ይህ ሁሉ በተቆጣጣሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 እና በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299 የጤና ተቋማትና ባለሙያዎች ቁጥጥር መሠረት ጥለዋል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ለልዩ ልዩ የጤና ተቋማት ዝቅተኛው መመዘኛ በኢትዮጵያ ደረጃ ተዘጋጅቶ ወጥቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 535 ያለ ፈቃድ በሕክምና ሙያ የሚሠራን ሰው ይቀጣል። በምዕራብ ሸዋ ሥራው የሚከናወነው በኦሮሚያ ክልል ጤና ቢሮ ሥር በዞኑና በየወረዳው፣ በየከተማውም ባሉት የጤና ጽሕፈት ቤቶች ነው። እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም። የሚጎድለው ሕጉን ይዞ ጓዳ ድረስ የሚገባ እግርና የገባውን የሚያስተውል ዓይን ነው።

ከቁጥጥር ውጭ ያለው ጉጠት

ስለ ማከሚያ ቤቶች ይህን ያህል ስንናገር ሰሌዳ የሌለውን ሰው መርሳት አይገባም። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል እንደሚታየው ወጌሻው ስብራት ከመጠገን አልፎ ጥርስ ይነቅላል፤ እንጥልም ይቆርጣል። ሕፃን ጥርስ ሊያወጣ ሲል ተቅማጥና ትኩሳት ቢይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይበጣና ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ እንደ ትል ተቆጥሮ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ ሕፃኑ በደም መፍሰስ ወይም በመመረዝ ሊሞት ይችላል። ቢድን እንኳ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ተቅማጡን የሚያድነው ግን የጠፋውን ውኃ መተካትና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነበር። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 561 ጎጂ ልማዶች ብሎ ከጠራቸው መካከል የእንጥል መቁረጥና የወተት ጥርስ ማውጣት ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ ወጌሻውን በመውቀስ ብቻ ነገሩ አይፈታም። እናት ልጅዋን ወደ እርሱ የምትወስደው ጠልታው አይደለም፤ ቅርብ ስለሆነ፣ ዋጋው ስለሚረክስ፣ ቋንቋዋንም ስለሚናገር ነው። በምዕራብ ሸዋ አብዛኛው ሰው የሚነጋገረው በኦሮምኛ ስለሆነ የማከሚያ ቤቱ ማስታወቂያም፣ የተቆጣጣሪውም ምክር በዚሁ ቋንቋ ካልሆነ ጆሮ አያገኝም።

መዝጋት ወይስ ማረም?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ብቻ የጥርስ ማከሚያ ቤት አለ እንበል። ተቆጣጣሪው ሄዶ ብዙ ጉድለት አገኘ። ቤቱን ያሽገው? ቢያሽገው ሕመምተኛው በማግሥቱ ወዴት ይሄዳል? መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ የሚሄድ ገንዘብ ያለው ብቻ ነው። የቀረው ወደ ወጌሻው ይመለሳል። እንዲያው ትቶት ቢሄድ ደግሞ በመንግሥት ማኅተም አደጋውን አጸደቀ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ጉድለትን በሁለት መክፈል ይበጃል። አንደኛው ዓይነት በዚያው ሰዓት ሥራ የሚያስቆም ነው፤ ይህም ፈቃድ የሌለው ሰው ሲያክም መገኘት፣ መሣሪያን ሳያጸዱ ለሌላ ሰው ማዋል፣ መርፌንና የተረፈ ማደንዘዣን መልሶ መጠቀም ነው። በእነዚህ ላይ ምሕረት ማድረግ ለባለቤቱ ቸርነት፣ ለሕመምተኛው ግን ጭካኔ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ቀጠሮ የሚሰጥበት ነው። የመዝገብ አያያዝ፣ የክፍል አቀማመጥ፣ የጎደለ ቅጽ፣ የመብራት መቋረጥ ቢደርስ የሚያገለግል መጠባበቂያ አለማዘጋጀት የዚህ ክፍል ናቸው። ለእነዚህ ጉድለቱ በጽሑፍ ተሰጥቶ፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ ተቆጣጣሪው በቀኑ መመለስ አለበት። ዋናው ቃል «መመለስ» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚቀር ተቆጣጣሪ ባለቤቱን የሚያስተምረው ለአንድ ቀን ማጽዳትን ብቻ ነው። እንዲሁም ሁልጊዜ ቀን አስታውቆ የሚሄድ ሰው የሚያየው የተጠረገ ቤት ነው።

ሌላም ፈተና አለ። ከተማው ትንሽ ነው፤ የማከሚያ ቤቱ ባለቤት የተቆጣጣሪው አብሮ አደግ፣ ወይም የአማቹ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ከምርመራ በኋላ የምሳ ግብዣ ይመጣል፤ «እኛ እኮ የአንድ አገር ልጆች ነን» ይባላል። ወጣቱ ባለሥልጣን በዚህ ጊዜ የሚያስታውሰው ያንን አፉን ከፍቶ የተንጋለለውን ገበሬ ይሁን። እርሱም የአገር ልጅ ነው፤ ግብዣ ማዘጋጀት ግን አይችልም።

በሌላ በኩል ባለሙያውን እንደ ወንጀለኛ ቆጥሮ መግባትም አይጠቅም። በአገራችን የጥርስ ሐኪም ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው። በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ሠልጥነው የሚወጡት ወጣት ሐኪሞች ወደ ወረዳ ከተሞች ወርደው እንዲሠሩ የምንፈልግ ከሆነ፣ የሚጠብቃቸው ተቆጣጣሪ የሚያውቅና የሚያስረዳ፣ ለሁሉም በአንድ ሚዛን የሚፈርድ መሆን አለበት። መልካም የሚሠራ ሐኪም ቁጥጥርን አይፈራም፤ ይልቁንም ያለ ፈቃድ ከሚሠራው ጎረቤቱ የሚለየው በቁጥጥር ነውና ይመኘዋል።

ተማሪዎችም የሚሠሩት ሥራ አለ። የተማረ ልጅ እናቱን ወይም አያቱን ወደ ጥርስ ሐኪም ሲወስድ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ሦስት ነገር በትሕትና መጠየቅ ይችላል፤ «የሚያክመን ሐኪም ፈቃዱ የት አለ? ዕቃው የታሸገውን እያየን ይፈታልን? መርፌውና ጓንቱ አዲስ ነው?» ብሎ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሐኪሙንም መናቅ አይደለም። ሕመምተኛው ሁሉ እንዲህ መጠየቅ ቢለምድ እያንዳንዱ ቀን የቁጥጥር ቀን ይሆን ነበር።

የእኛ ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና። የማከሚያ ቤትም እንዲሁ ፊት ለፊቱ እየሳቀ ጓዳው ሊያስለቅስ ይችላል። የተቆጣጣሪው ተግባር በፊት ለፊቱ ሳይታለል ጓዳውን ማየት፣ ያየውን በጽሑፍ ማስፈር፣ በቀጠረውም ቀን መመለስ ነው።